ድሬዳዋ ላይ ለሕፃን የማቆያ ቦታ እንዴት ይገኛል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሳቢያን ነው። ከዚራ አካባቢ ባለ የግል ባንክ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ሰባት ሳምንት ሆነው። የወሊድ ፈቃዴ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ያልቃል። ከዚራ ያለ አንድ ማቆያ ስሜን መዝግቦ ‹ዘጠነኛ ነሽ፣ እንደውላለን› ብሎኛል። ባለቤቴ በሚሠራበት የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ማቆያ አለ፤ ግን ለሴት ሠራተኞች ብቻ ነው ይላሉ። መጋላ በኩል አንድ ቤት ‹ነገውኑ አምጪው› አለኝ። ሄጄ አየሁት፣ ልቤ አልወደደውም። ተንከባካቢዎቹም የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። እናቴ ሐረር ናት። ‹ልጁን ለእኔ ስጪኝና ሥራሽን ሥሪ› ትለኛለች። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ቦታ የሚገኘው እንዴት ነው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። የሕፃናት ነርስ ነኝ። ማቆያዎችን በማደራጀትና ተንከባካቢዎችን በማሠልጠን ቆይቻለሁ። ስለዚህ የማቆያውን ጓዳም የእናቶቹን ጭንቀትም አውቀዋለሁ። ጊዜ አለሽ። ብዙ አይደለም፣ ግን በአግባቡ ከተጠቀምሽበት ይበቃል።

መጀመሪያ ያቺን «ዘጠነኛ ነሽ» የምትለዋን ነገር እናንሳ። ብዙ እናቶች የማቆያ ተራን እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ያዩታል። ስም ይጻፋል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ከዚያ ቤት ቁጭ ብሎ ስልክ መጠበቅ ነው። በተግባር እንዲያ አይሄድም። የሕፃናት ክፍል «ሞልቷል» የሚባለው አልጋ ስላለቀ አይደለም፣ የሰው እጅ ስላለቀ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን አንዲት ተንከባካቢ ከሦስት፣ ቢበዛ ከአራት በላይ መያዝ የለባትም። አንዱን ስታጠባ ሌላው ያለቅሳል፣ ሦስተኛው ዳይፐር ይፈልጋል። ሁለት ተንከባካቢ ያለው ጥሩ ማቆያ እንግዲህ ሰባት ስምንት ጨቅላ ይይዛል፣ በቃ። አንድ ቦታ የሚከፈተው ከእነሱ መካከል አንዱ በእግሩ ሄዶ ወደ ትልልቆቹ ክፍል ሲዛወር ነው። የትልልቆቹ ክፍል ደግሞ የሚለቀቀው ልጆች ኬጂ ሲገቡ ነው። ኬጂ የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ በአገራችን ትልቁ የማቆያ ቦታ መለቀቂያ ጊዜ ጳጉሜንና መስከረም ነው። አንቺ ያለሽው ሰኔ ላይ ነው። ዘጠነኛ የሆንሽበት ዝርዝር መስከረም ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ሦስተኛ ሊወርድ ይችላል። ከፊትሽ ካሉት ስምንት እናቶች አንዷ ሞግዚት አግኝታለች፣ አንዷ አዲስ አበባ ተዛውራለች፣ አንዷ ሥራ ለቅቃለች። ማንም ግን ደውሎ «ስሜን ሰርዙልኝ» አይልም።

ስለዚህ ከዚራ ወዳለው ማቆያ ተመልሰሽ ሂጂ። በስልክ አይሆንም፣ በአካል ሂጂ፣ ልጁንም ይዘሽ። ጠዋት ልጆች በሚገቡበትና ማታ በሚወጡበት ሰዓት አትሂጂ፣ ኃላፊዋ ፋታ የላትም። ስታገኛት «ተራዬ ደረሰ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «ገና ነው» ነው። ይልቅ እንዲህ በያት፦ «ከጨቅላዎቹ መካከል መስከረም ላይ ወደ ትልልቆቹ ክፍል የሚዛወሩት ስንት ናቸው? ከትልልቆቹስ ኬጂ የሚገቡት?» ይህን ስትጠይቂያት እሷም መቁጠር ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ ራሷም አስባበት አታውቅም። ቀጥለሽ የምትጀምሪበትን ቀን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያት። «ልክ እንደተገኘ» ከምትል እናት ይልቅ «መስከረም 10 እጀምራለሁ፣ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ነሐሴ ላይ እከፍላለሁ» የምትል እናት ትታወሳለች። ስምሽን፣ የልጁን የልደት ቀንና ሁለት ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ተይላት። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ብቅ በይ። አታሰልቺያትም። እኔ የማውቃቸው ኃላፊዎች ቦታ ሲከፈት መዝገቡን ሳይሆን መጀመሪያ ትዝ ያለቻቸውን እናት ነው የሚደውሉላት። ትክክል ነው አልልም፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

አንድ ወጥመድ ግን ልንገርሽ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ «ቦታ አለን» የሚሉ ማቆያዎች ይበዛሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። መምህራን ክረምቱን ቤት ስለሚሆኑ ልጆቻቸውን ያስወጣሉ፣ መስከረም ላይ ይመልሷቸዋል። በዚያ ክፍተት ገብተሽ መስከረም ላይ «ይቅርታ፣ ባለቤቱ መጣ» ከተባልሽ ልጁ አንዴ ከለመደው ሰው ይለያል። ክረምት ላይ ቦታ ከተሰጠሽ «ይህ ቦታ የሚመለስ ልጅ አለው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ደረሰኙ ላይ ወይም ውሉ ላይ አስጽፊ።

አሁን ወደ ቀኖቹ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ይሰጥሻል። ዘጠናው ቀን ሐምሌ መጨረሻ ላይ እንደሚያልቅ ነግረሽኛል። እዚያው አዋጅ ላይ ግን የዓመት ፈቃድም አለ። ለመጀመሪያው አንድ ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለየሁለቱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል። አምስት ዓመት ከሠራሽ 18 የሥራ ቀን አለሽ ማለት ነው። ቅዳሜን እንደ ሥራ ቀን ብትቆጥሪው እንኳ ሦስት ሳምንት ነው። ከወሊድ ፈቃድሽ ጋር ካያያዝሽው ወደ ሥራ የምትመለሺው ነሐሴ 20 አካባቢ ይሆናል። ልጁም አራት ወር ሊሞላው ትንሽ ይቀረዋል። ጥያቄውን ለአለቃሽ በጽሑፍ አሁኑኑ አስገቢ። ባንክ ውስጥ ሰኔ የሂሳብ መዝጊያ ግርግር እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ግርግሩ በረድ ሲል ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው ይበዛል፣ አንቺ ቀድመሽ ተገኚ። ባለቤትሽም ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ካለው አንቺ ሥራ የምትጀምሪበት ሳምንት ላይ ያድርገው። አባት ልጁን ብቻውን አንድ ሳምንት ቢይዝ ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ቦታው ተከፈተ ከምንለው ከመስከረም 10 እና አንቺ ሥራ ከምትገቢበት ከነሐሴ 20 መካከል የሚቀረው ሦስት ሳምንት ከምናምን ነው። እናትሽ የሚያስፈልጉሽ እዚህ ላይ ነው። ልጁን ወደ ሐረር አትላኪው። እሳቸው ወደ ድሬ ይምጡ።

ይህን የምለው በእናትሽ ላይ እምነት አጥቼ አይደለም። ከአያት የተሻለ ተንከባካቢ የት ይገኛል? ጉዳዩ ጡት ነው። ከሐረር ድሬ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የደንገጎ ዳገትም አለ። ዕለት ዕለት የምትመላለሺበት መንገድ አይደለም። ልጁን በሦስት ወሩ ሐረር ካስቀመጥሽው ቅዳሜ ማታ ታይዋለሽ፣ እሑድ ማታ ትመለሺያለሽ። በመካከል ያሉት አምስት ስድስት ቀናት ወተትሽን ያደርቁታል። ከዚያ ያለው የቆርቆሮ ወተት ነው፣ ወጪውም ንጽሕናውም ሌላ ጣጣ ነው። እናትሽ «የድሬን ሙቀት አልችለውም» ሊሉ ይችላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ሐረር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯም ቀዝቃዛ ነው። ግን የሚጠየቁት አንድ ወር ነው። ነሐሴ ደግሞ ከግንቦትና ከሰኔ ይሻላል፣ ዝናብ ሲጥል ይቀዘቅዛል። አንዷን ክፍል በቬንትሌተር አመቻችተሽ ጠብቂያቸው። ከአሁኑ ለምኛቸው። አያት በድንገት ሳይሆን በክብር ሲጠሩ ነው የሚመጡት።

የባለቤትሽ መሥሪያ ቤት ነገር ደግሞ ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ሕፃናቶቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዞ ነበር፤ አዋጁ በ2017 በአዲስ ተተክቷል። «ለሴት ሠራተኞች ነው» የሚሉሽ ከዚህ ተነሥተው ነው። ሴት ሠራተኛ ማስቀደማቸው ተገቢ ነው። ግን ሕጉ ለእናቶች ግዴታ ጣለ እንጂ ቦታ ባዶ ሆኖ ሳለ የወንድ ሠራተኛ ልጅ አይግባ አላለም። ባለቤትሽ ለሰው ሀብት ክፍሉ አጭር ማመልከቻ ይጻፍ። «ቅድሚያ ያላቸው እናቶች ሲመጡ እለቃለሁ፣ እስከዚያ ድረስ ክፍት ቦታ ካለ ይፈቀድልኝ» ይበል። በቃል ሲጠየቅ «አይቻልም» የሚባል ነገር በጽሑፍ ሲመጣ ኃላፊ ዘንድ ቀርቦ ይታያል። እምቢ ቢሉትም የሚከስረው አንድ ወረቀት ነው።

አንቺ ዘንድ ግን ሕጉ እንዲህ አይጠቅምሽም። የግል ድርጅትን የሚገዛው 1156/2011 አሠሪው ማቆያ እንዲከፍት አያስገድድም። ቢሆንም ብቻሽን እንዳልሆንሽ እገምታለሁ። በቅርንጫፍሽና በአካባቢው ባሉ ቅርንጫፎች ጡት የሚያጠቡ ሌሎች እናቶች አሉ። ሦስት አራት ሆናችሁ አንዲት የምትቆለፍ ክፍል፣ አንድ ወንበርና አንድ ትንሽ ፍሪጅ ጠይቁ። ማቆያ አይደለም፣ ወተት የምትታለቡበት ክፍል ነው። ለባንክ ይህ ወጪ አይባልም።

መጋላ ያለውን ቤት «ልቤ አልወደደውም» ብለሽኛል። ልብሽን እመኚው፣ ግን ልብሽ ያልወደደውን ነገር ለይተሽ እወቂው። ቤቱ አሮጌ ስለሆነ ከሆነ ያ ምንም አይደለም። ተንከባካቢዎቹ ኦሮምኛ ስለሚናገሩ ከሆነም በፍጹም አትጨነቂ። የድሬ ልጅ አማርኛውን ከእናቱ፣ ኦሮምኛውን ከሞግዚቱ፣ ሶማልኛውን ከጎረቤት ይዞ ነው የሚያድገው። ልጁ ሁሉንም ይይዛል። መጠየቅ ያለብሽ ተንከባካቢዋ አንቺ የምትነግሪያትን መድኃኒትና ትኩሳት በደንብ ትረዳለች ወይ የሚለውን ብቻ ነው። አንቺም ትንሽ ኦሮምኛ ብትማሪ ደግሞ እሰየው።

ቤቱን በድጋሚ ሄደሽ እዪው፣ ቀትር ላይ። የድሬ ማቆያ የሚፈተነው ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠዋት ሁሉም ቤት ንፁህ ነው፣ ሁሉም ልጅ ይስቃል። ቀትር ላይ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። መስኮቱ በሁለት በኩል ይከፈታል ወይ? ቬንትሌተሩ ይሠራል ወይ? መብራት ሲጠፋስ ልጆቹን የት ያወጧቸዋል? ሕፃናቱ በስስ ጨርቅ ናቸው ወይስ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል? ሙቀት የጨቅላ ጠላት ነው። በጀርባቸው ተንጋለው፣ ፊታቸው ሳይሸፈን ተኝተው ካየሽ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ተንከባካቢዎቹ ምን እየሠሩ እንደሆነም እዪ። የበርጫ ሰዓት የከተማው ልማድ ነው፣ በማንም ላይ አልፈርድም። ሕፃን በሚያዝበት ክፍል ግን ጫት መግባት የለበትም። ቅጠሉ ወለል ላይ ወድቆ የሚድህ ልጅ አፉ ውስጥ ሲገባ አደጋ ነው።

ከዚያ ውኃውን እዪ። ይህ የማልደራደርበት ነገር ነው። ድሬ ውኃ በበርሜልና በሮቶ ያጠራቅማል፣ ምን ይደረግ። ክዳን የሌለው በርሜልና ባልዲ ግን ሁለት አደጋ አለው። አንዱ መስጠም ነው። መራመድ የጀመረ ልጅ ባልዲ ውስጥ በግንባሩ ቢደፋ ራሱን አያወጣም። ሁለተኛው ትንኝ ነው። ድሬዳዋ በ2006 ደንጌ ትኩሳት፣ በ2011 መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉንያ በወረርሽኝ መልክ ያየች ከተማ ናት። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ነው፣ የምትናከሰውም በቀን ነው። ማለትም ሕፃናት ማቆያ ውስጥ በሚተኙበት ሰዓት። በ2014 ከተማው ላይ ወባ የጨመረችውም ትንኝ እንዲሁ በውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። በርሜሉ ተከድኖ፣ የቀን አልጋው አጎበር ይዞ ካየሽ ያን ማቆያ አክብሪው። አጎበሩን ራስሽ ገዝተሽ መስጠት ቢኖርብሽም ይቅርብኝ አትበይ።

ምግብ የሚበስለው በከሰል ከሆነ ምድጃው ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል ውጪ፣ በር ተዘግቶ መሆን አለበት። የከሰልን አደጋ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ዝናብ ሲመጣ ምድጃው ወደ ውስጥ ይገባል። «ዝናብ ሲዘንብ የት ታበስላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ።

መጋላን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቤትሽ ሳቢያን፣ ሥራሽ ከዚራ ነው። መጋላ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ክረምት ላይ ግን ላይኛው ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እያለ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፣ የድሬ ሰው አይረሳውም። ድልድይ አለ፣ አውቃለሁ። ግን ጎርፍ በመጣ ቀን መንገዱ ሲዘጋጋ አንቺ ከወንዙ ወዲህ፣ ልጅሽ ከወንዙ ወዲያ እንዲሆን አልመክርሽም። ቤቱም ከወንዙ ዳር ስንት ያህል እንደሚርቅ እዪ። ሁለት እኩል የሆኑ ማቆያዎች ቢኖሩሽ ለሥራ ቦታሽ የሚቀርበውን ምረጪ፣ ለቤትሽ የሚቀርበውን ሳይሆን። ከባንኩ በእግር አሥር ደቂቃ ከሆነ ምሳ ሰዓት ሄደሽ ታጠቢዋለሽ። ያቺ አንዲት ጡት ለወተትሽም ለልጁም ብዙ ናት። ባጃጁን ጠዋትና ማታ አብራችሁ ትሄዱበታላችሁ።

ስለ ወተቱ ትንሽ ልበል፣ እናቶች እዚህ ላይ ይሸነፋሉና። ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። በድሬ ሙቀትም ቢሆን ውኃ አያስፈልገውም፣ ጡቱ ውኃም ነው። ማቆያው «ሞቆታል» ብሎ ውኃ፣ ስኳር በጥብጦ ወይም የአብሽ ውኃ እንዳይሰጠው አስቀድመሽ ንገሪ፣ በወረቀትም ጻፊላቸው። የታለበ ወተት 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል እስከ አራት ሰዓት ይቆያል ይባላል። የድሬ ክፍል ግን በእነዚህ ወራት ከዚያ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ከፍሪጅ ወይም በረዶ ካለበት አይስ ቦክስ ውጪ አታስቀምጪው። ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል። ከሞቀ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጠጣው ይደፋ፣ ተመልሶ ፍሪጅ አይግባ። ማቆያውን «መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ትከፍታላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል፣ በየደቂቃው ከተከፈተ ግን አለቀለት። ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ልጁ በትንሽ ሲኒ ወይም በጡጦ መጠጣት ይለማመድ። የምታጠጪው ግን አንቺ አትሁኚ። አንቺን እያሸተተ ሌላ ነገር አይቀበልም። አያቱ ወይም አባቱ ይስጡት፣ አንቺ ከክፍሉ ውጪ ሁኚ። ሲኒ ከጡጦ ይሻላል፣ ለማጠብ ቀላል ነው።

ወረቀቶቹን አሁን አዘጋጂ፣ ቦታ ሲከፈት «ነገ አምጪ» ይሉሻል። የክትባት ካርዱን ፎቶ ኮፒ አድርጊ። የስድስት ሳምንቱን እንደወሰደ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካልሆነ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ቀጥሎ የ10 እና የ14 ሳምንቱ አለ። የ14 ሳምንቱ ከዓመት ፈቃድሽ ውስጥ ስለሚወድቅ ልጁ ማቆያ የሚገባው ሦስቱንም ዙር ጨርሶ ነው፣ ጥሩ ገጥሞልሻል። ልደቱ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ አለበት፣ እሱንም ከወሊድ ፈቃድሽ ጋር አብረሽ ጨርሺው። ልጁን መውሰድ የሚችሉ ሰዎችን ስም፣ መታወቂያና ፎቶ ለማቆያው ስጪ። አንቺ፣ ባለቤትሽና አንድ ሌላ ሰው። ከእነዚህ ውጪ ማንም ቢመጣ፣ «አጎቱ ነኝ» ቢልም እንኳ፣ ልጁን እንዳይሰጡ።

ገንዘቡን በተመለከተ ወርሃዊውን ብቻ ሰምተሽ አትመለሺ። መመዝገቢያው ይመለሳል ወይ? ልጁ ታሞ ሁለት ሳምንት ቢቀር ይከፈላል ወይ? ማታ ዘግይተሽ ብትመጪ ስንት ይጨመራል? ባንክ ውስጥ ሂሳብ እስኪዘጋ የምታመሺባቸው ቀናት አሉና የመጨረሻዋ ጥያቄ ለአንቺ ትጠቅማለች። ደረሰኝ የማይሰጥ ቤት ላይ ብዙ ወር አስቀድመሽ አትክፈይ።

ይህ ሁሉ ሆኖ መስከረምም ቦታ ባይገኝስ? ያኔ ብቻሽን ሞግዚት ከመፈለግ ከአንዲት እናት ጋር ተጣመሪ። ሳቢያን ውስጥ ልጇ ከልጅሽ ጋር የሚቀራረብ ሠራተኛ እናት አትጠፋም። የክትባት ቀን ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ከጎንሽ የምትቀመጠው ራሷ ልትሆን ትችላለች። ሁለት ሕፃን፣ አንድ በዕድሜዋ ሰከን ያለች ሞግዚት፣ በአንዳችሁ ቤት። ደመወዟን ስትካፈሉት ለእሷ ከሌላው የተሻለ ይሆንላታል፣ ለእናንተም ይቀላል። ከተሻለ ክፍያ ጋር ደግሞ ቶሎ አትለቅም። እኔ ከማየው፣ ከማቆያ በፊት ላለው ጊዜ ይህ ጥሩ መንገድ ነው። ነገር ግን ያየሽውን ምልክት ሁሉ ችላ ብለሽ፣ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ ያልወደድሽው ቤት አታስገቢው። ሁለት ወር በአያትና በጎረቤት ተጋግዞ ማለፍ ይቻላል።

ስለ ልጁ ዕድሜ የሚያስጨንቅሽ ነገር ካለ ይህን እወቂ። ሕፃናት እንግዳ ሰው መፍራትና ከእናት መለየትን አጥብቀው መቃወም የሚጀምሩት በአብዛኛው ከስድስት ስምንት ወር በኋላ ነው። በአራት ወር ተኩል የሚገባ ልጅ በዘጠኝ ወሩ ከሚገባው ይልቅ ቶሎ ይለምዳል። የሚያለቅሰው ይልቅ አንቺ ትሆኛለሽ፣ እሱም አይከፋም።

ሲጀምር ሰኞ አታስጀምሪው። ረቡዕ ይሁን። ረቡዕ አንድ ሁለት ሰዓት አብረሽው ቁጭ በይ፣ ሐሙስ ግማሽ ቀን፣ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ቅዳሜና እሑድ ቤት ያርፋል፣ ሰኞ ሙሉ ቀን ይገባል። ለዚህ እናትሽ አንድ ሳምንት ጨምረው ቢቆዩልሽ ጥሩ ነው፣ ልጁ ቢታመም የሚይዘው ሰው ይኖራል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጉንፋንና ተቅማጥ መመላለሳቸው የተለመደ ነው። ትኩሳት ሲሆን ግን አትጠብቂ። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሰዓቱ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው፣ ድል ጮራም ሳቢያንም ቢሆን የቀረበሽ። ከሦስት ወር በላይ ከሆነ ደግሞ ማቆያው ወዲያው እንዲደውልልሽና በዚያ ቀን እንድትወስጂው አስቀድማችሁ ተስማሙ።